ወገብ እያመመ ኮርስ ሳይክል መንዳት፦ መሪውን ከመንካታችሁ በፊት

ወገቡን የሚያመው ሰው ኮርስ ሳይክል ልንዳ ሲል ከየአቅጣጫው የሚሰማው ምክር አንድ ነው፣ «መሪውን ከፍ አድርገው» ይሉታል። እኔም ተብዬ አደረግኩት። ስቴሟን (መሪውን ከሹካው ጋር የምታገናኘዋን አጭር ብረት) ገለበጥኳት፣ ከስሯ ቀለበት ጨመርኩ፣ መሪው ደረቴ ድረስ መጣ፣ የሳይክሉ መልክ ተበላሸ፣ ወገቤ ግን 40 ደቂቃ ሲሞላ እንደበፊቱ መንደድ ይጀምራል። የገባኝ በጣም ቆይቶ ነው። ወገባችሁ ይጉበጥ ወይስ ቀጥ ይበል የሚለውን በአብዛኛው የሚወስነው ቂጣችሁ የተቀመጠበት ነገር ነው፣ መሪ የሚነካው ከሁሉም በኋላ ነው። ሐኪም አይደለሁም፣ ኤል5-ኤስ1 የምትባለዋ የወገብ የመጨረሻ ዲስክ (በአጥንቶቹ መሀል ያለችው ትራስ) ያበጠችብኝ ሳይክል ነጂ ነኝ፣ እንደዛ አድርጋችሁ አንብቡኝ።

መጀመሪያ ወገባችሁ ምን እንደሚጠላ እወቁ

«ወገቤን ያመኛል» ማለት «መኪናዬ ይጮሃል» እንደማለት ነው፣ ምኗ ነው የሚጮኸው? ለሳይክል ጉዳይ ሁለት አይነት ወገብ አለ ብላችሁ ብትይዙት ይበቃል። አንደኛው መጉበጥ የማይወድ ወገብ ነው፣ ጫማ ለማሰር ጎንበስ ሲሉ የሚወጋ፣ ረጅም ሰዓት ቁጭ ሲሉ የሚብስበት፣ ተነስተው ትንሽ ሲራመዱ ለቀቅ የሚያደርግ፣ የዲስክ ችግር ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚያደርገው። ሁለተኛው ተቃራኒው ነው፣ መቆምና መራመድ ያሳምመዋል፣ ህመሙ እግር ድረስ ይወርዳል፣ ቁጭ ሲሉ ወይ የሆነ ነገር ደገፍ ብለው ጎንበስ ሲሉ እፎይ ይላል። ይሄኛው በአብዛኛው እድሜ ሲገፋ የነርቩ መተላለፊያ ሲጠብ የሚመጣ ነው።

ልዩነቱ ቀልድ አይደለም። ለሁለተኛው አይነት ሰው ሳይክል በረከት ነው፣ ትንሽ መንገድ መራመድ እያቃተው ሳይክል ላይ ግን ረጅም ሰዓት የሚቆይ ሰው አለ፣ ምክንያቱም ወደፊት ሲያጎነብስ ነርቩ የሚያልፍበት ቀዳዳ ሰፋ ይላል። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ1977 በህክምና መጽሔት ላይ የወጣ የሳይክል ምርመራ አለ፣ የእግር ህመሙ ከነርቭ ነው ከደም ስር የሚለውን ለመለየት በሽተኛውን ከቦታው የማይንቀሳቀስ የቤት ውስጥ ሳይክል ላይ ያወጡትና አንዴ ቀጥ ብሎ አንዴ ጎንበስ ብሎ ያስነዱታል፣ ሲያጎነብስ ከተሻለው ነገሩ ወገቡ ውስጥ ያለው ነርቭ ነው ማለት ነው፣ ከደም ስር ቢሆን ኖሮ እግሩ ኦክስጅን ስላጠረው ጎነበሰም አልጎነበሰም ያመዋል። እንዲህ አይነቱን ሰው መሪህን ሰቅለህ ቀጥ ብለህ ንዳ ማለት ወደሚያምህ አቋም ተመለስ ማለት ነው።

ከዚህ በታች የምለው በአብዛኛው መጉበጥ ለሚያመው ሰው ነው፣ ኮርስ ሳይክል ላይ ይበልጥ የሚሰቃየው እሱ ስለሆነ።

ለምን በ5ኛው ሳይሆን በ40ኛው ደቂቃ?

የታችኛው ወገብ 5 አጥንት አለው፣ በየመሀላቸው ዲስክ አለ፣ ውጪው ጠንካራ ቀለበት ውስጡ ዝልግልግ ነገር። ስትጎብጡ የዲስኩ የፊት ጎን ይጨመቃል፣ ውስጡ ያለው ወደኋላ ይገፋል፣ ኋላ ደሞ ነርቮቹ ናቸው ያሉት። አብዛኛው የዲስክ መንሸራተት የሚደርሰው የመጨረሻዎቹ ሁለት ዲስኮች ላይ ነው፣ ሳይክል ላይ ኩርምት ስትሉ ጫናው የሚያርፈውም እዛው አካባቢ ነው።

አሁን ሌላ ነገር ጨምሩበት። ሙሉ በሙሉ ስትጎብጡ የታችኛው ጀርባ ጡንቻዎች ሥራ ያቆማሉ፣ የምሬን ነው፣ በኤሌክትሮድ ሲለካ ፀጥ ነው የሚሉት፣ ክብደቱን ጅማቶች ይረከቡታል። ጅማት ደሞ ለረጅም ጊዜ ሲወጠር ቀስ እያለ ይለጠጣል፣ ቶሎም ወደ ቦታው አይመለስም። ለዛ ነው የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ሰላም ሆኖ ኋላ ላይ ጉድ የሚፈላው፣ ለዛም ነው ከሳይክል ወርዶ ወዲያው ሳይክሉን አንስቶ መኪና ጣሪያ ላይ መጫን መጥፎ ሀሳብ የሆነው። እኔ ትልቁን ህመም ያገኘሁት ስነዳ አይደለም፣ ነድቼ ጨርሼ፣ ደስ ብሎኝ፣ ሳይክሉን ላነሳ ጎንበስ ስል ነው። 10 ደቂቃ ተራመዱ፣ ከዛ አንሱ።

ጠዋትም እንደዛው ነው፣ ሌሊት ስትተኙ ዲስኮቹ ውሃ ስበው ያብጣሉ፣ ጠዋት ቁመታችሁ ከማታው 1 ሴንቲ ሜትር ወይ ከዛ በላይ የሚረዝመው በዚህ ምክንያት ነው፣ ያበጠ ዲስክ ሲታጠፍ ደሞ ጫናው ይብሳል። ከአልጋ ቀጥታ ወደ ኮርቻ አትሂዱ፣ አንድ ሰዓት ያህል ስጡት።

ነገሩ ያለው ዳሌ ላይ ነው

እጃችሁ መሪው ጋ የሚደርስበት መንገድ ሁለት ነው። በአንደኛው ዳሌያችሁ ራሱ ወደፊት ያዘነብላል፣ ወገብ ቀጥ እንዳለ አብሮት ይሄዳል፣ ሰው እጅ ሲነሳ ከዳሌው ጎንበስ እንደሚለው ማለት ነው። በሁለተኛው ዳሌ እንደተገተረ ይቀርና ወገብ ብቻውን ኩርምት ብሎ ርቀቱን ይሞላል። ከሩቅ ለሚያያቸው ሁለቱም ሰዎች አንድ ናቸው፣ እጃቸውም ትከሻቸውም እኩል ቦታ ላይ ሊሆን ይችላል፣ ዲስኩ ላይ ያለው ጫና ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

ራሳችሁን ለመፈተን ጠንካራ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጡ፣ አንድ እጃችሁን ወገባችሁ ላይ አድርጉ፣ ሌላውን መሪ እንደሚይዝ ሰው ወደፊት ዘርጉ። እጃችሁ ስር የአከርካሪው አጥንቶች ጉብ ጉብ ብለው ከወጡ የታጠፈው ወገባችሁ ነው፣ ወገባችሁ ጠፍጣፋ ሆኖ ሆዳችሁ ወደ ጭናችሁ ከተጠጋ ዳሌያችሁ ነው። ከዛ ሳይክሉን ትሬነር (ሳይክሉን ባለበት አስሮ የሚያስነዳ ማቆሚያ) ላይ አስራችሁ ስልክ ከጎን አቁሙና 10 ደቂቃ ከነዳችሁ በኋላ ቪዲዮ ተቀረጹ፣ ገና እንደወጣችሁ አይደለም፣ ያኔ ሁሉም ሰው ያምርበታል። እኔ የራሴን ሳየው ኤሊ ነው የመሰልኩት።

ታዲያ ዳሌ ለምን እምቢ ይላል? አንዳንዴ የጭን የኋላ ጡንቻ አጥሮ ወደኋላ ይጎትተዋል፣ አንዳንዴ ፔዳሉ ከላይ ሲደርስ ጉልበት ሆድ ጋ ደርሶ ቦታ ይጠፋል (ወደዚህ እመለሳለሁ)፣ ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የኮርቻው ነው።

ኮርቻ

ዳሌ ወደፊት ሲያዘነብል ክብደቱ ከመቀመጫ አጥንቶቹ ወጥቶ ፊት ለፊት ወዳለው ለስላሳ አካል ይሄዳል፣ እዛ ደሞ ነርቭና ደም ስር ነው ያለው፣ ያማል፣ ይደነዝዛል። ሰውነታችሁ ከዛ ለመሸሽ ሳያማክራችሁ ዳሌውን ወደኋላ ይመልሰዋል፣ እዳውን ወገብ ይከፍላል። ስለዚህ መሀሉ የተቀደደ ወይ የጎደጎደ፣ ስፋቱ ከመቀመጫ አጥንታችሁ ጋር የሚሄድ ኮርቻ ወገብ ለሚያመው ሰው ከየትኛውም ስቴም በፊት የሚገዛ እቃ ነው ባይ ነኝ። አጥንቱን ለመለካት ካርቶን ጠንካራ ነገር ላይ አንጥፋችሁ ወደፊት ጎንበስ ብላችሁ ቁጭ በሉበት፣ ሁለት ስርጉድ ይወጣል፣ የመሀል ለመሀል ርቀታቸውን ይዛችሁ ሂዱ፣ ኮርቻው ከዛ ሰፋ ማለት አለበት። ስፖንጁ የወፈረ ይሻላል የሚለውን እርሱት፣ አጥንቱ ይሰምጥና ስፖንጁ መሀል ላይ ወደላይ ይነሳል፣ የሸሻችሁት ነገር እዛው ይጠብቃችኋል።

ቀጥሎ የኮርቻው አፍንጫ። አፍንጫው ቀና ካለ ዳሌን ወደኋላ ይገፋዋል፣ አለቀ። እ.ኤ.አ. በ1999 ወገባቸውን የሚያማቸው ሳይክል ነጂዎች ላይ የተሰራ ጥናት የኮርቻውን አፍንጫ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ዝቅ ሲያደርጉላቸው ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት በጣም እንደተሻላቸው ተናግረዋል። እኔ ግን በቀጥታ 10 አድርጉት አልልም፣ ኮርስ ሳይክል ላይ ያን ያህል ከወረደ ወደፊት እየተንሸራተታችሁ እጃችሁ ላይ ትተኛላችሁ፣ ትከሻና አንገት ይከተላል። ስልክ ላይ ያለውን የደረጃ መለኪያ ኮርቻው ላይ አድርጋችሁ ከዜሮ ጀምሩ፣ 1 ዲግሪ፣ 2 ዲግሪ፣ ቢበዛ 3 እያላችሁ በየጊዜው ንዱበት።

ከፍታ። ኮርቻ ሲበዛ ከፍ ካለ እግር ታች ለመድረስ ዳሌ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፣ ውዝዋዜውን የሚይዘው ወገብ ነው። ፔዳል በደቂቃ 90 ጊዜ የምታዞሩ ከሆነ በሰዓት 5400 ጊዜ ነው፣ አስቡት፣ በእያንዳንዷ ዙር ወገብ ትንሽ ወደ ጎን ይታጠፋል። ለመነሻ የሚሆን ቀላል ዘዴ ተረከዝን ፔዳሉ ላይ አድርጎ ፔዳሉ ታች ሲሆን እግር ቀጥ የሚልበት ከፍታ ነው፣ ከዛ በትክክለኛው የእግር አቀማመጥ ስትነዱ ጉልበት ትንሽ ታጠፍ ይላል፣ ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ባለው ውስጥ ከሆነ ጥሩ ነው። ቁጥር የሚወድ ሰው ከብሽሽት እስከ ወለል ያለውን ርዝመት በ0.883 ያባዛው፣ 80 ሴንቲ ከሆነ 70.6 ይመጣል፣ ይሄ ክራንኩ (ፔዳሉን የያዘው ክንድ) ከሚዞርበት መሀል እስከ ኮርቻው አናት ነው። ወገብ ለሚያመው ግን ቀመሩ ከሰጣችሁ 3 ወይ 4 ሚሊ ሜትር ዝቅ ማድረግ የሚጎዳ አይደለም፣ በተለይ ከኋላ ስትቀረጹ ቀበቶአችሁ ያለበት ቦታ የሚወዛወዝ ከሆነ።

ወደፊትና ወደኋላ መግፋቱ ላይ ሰው ይጣላል፣ እኔ አልገባበትም። አንድ ፈተና ብቻ፦ ጠንከር ባለ ፍጥነት እየነዳችሁ እጃችሁን ከመሪው አንድ ሴንቲ ብቻ ብድግ አድርጉት (ባዶ መንገድ ላይ ወይ ትሬነር ላይ)፣ ወደፊት ከወደቃችሁ ክብደታችሁን የተሸከመው እጃችሁ ነው፣ ኮርቻውን ትንሽ ወደኋላ ሞክሩት። ወደኋላ ሲሄድ ከፔዳሉም ስለሚርቅ ከፍ እንዳለ ቁጠሩት፣ ትንሽ ዝቅ አድርጉት።

ክራንክ፣ ማንም የማያስበው

ፔዳሉን የያዘው ክንድ ርዝመት ብዙ ሳይክል ላይ 170 ወይ 172.5 ሚሊ ሜትር ነው። ከ170 ወደ 165 ስታሳጥሩት ኮርቻውን 5 ሚሊ ከፍ ታደርጋላችሁ፣ ፔዳሉም ከላይ ሲደርስ 5 ሚሊ ዝቅ ብሎ ነው የሚቆመው፣ ተደምሮ ጉልበታችሁ ከሆዳችሁ 10 ሚሊ ይርቃል። ጉልበቱ ወደላይ ሲወጣ ዳሌ ቦታ አጥቶ ወደኋላ የሚገለበጥበት ሰው፣ አጭር ሰው፣ ሆድ ያለው ሰው (እኔ ሦስተኛው ውስጥ አለሁበት) ልዩነቱ ወዲያው ይሰማዋል። አጭር ክራንክ ኃይል ይቀንሳል ይላሉ፣ እኔ ማርሹን አንድ ዝቅ ከማድረግ ውጪ ያጣሁት የለም።

አሁን መሪ

እዚህ ስትደርሱ መሪውን ንኩት፣ መጀመሪያ ርቀቱን ከዛ ከፍታውን። ብዙ ሰው ከፍታ ላይ ሙጭጭ ይላል ግን ሲበዛ የራቀ መሪ ሲበዛ ከወረደ መሪ በላይ ወገብ ይጎትታል ብዬ አስባለሁ። የፍሬኑን እጀታ ስትይዙ ክርናችሁ ትንሽ መታጠፍ አለበት፣ ክንዳችሁ እንደ ዱላ ቀጥ ካለ ሩቅ ነው፣ የመንገዱም ንዝረት በቀጥታ ትከሻችሁ ውስጥ ይገባል። ሲበዛ የቀረበ መሪም ጥሩ አይደለም፣ ጀርባ ቦታ ያጣና መልሶ ይጎብጣል፣ እኔ መጀመሪያ ያደረግኩት ስህተት ይሄ ነው። መሪውን ሰቅሎ ፍፁም ቀጥ ብሎ መቀመጥም የራሱ ጣጣ አለው፣ ክብደቱ በሙሉ ኮርቻው ላይ ይሆንና ጉድጓድ በገባችሁ ቁጥር ምቱ ከታች ወደላይ አከርካሪውን ይዞ ይወጣል።

ቁጥሮቹን ለሚፈልግ፦ ከስቴም ስር የምትጨመር 10 ሚሊ ቀለበት መሪውን 10 ሚሊ ያህል ከፍ ታደርገዋለች፣ የሹካው አንገት ወደኋላ የተጋደመ ስለሆነ 3 ሚሊ ያህልም ታቀርበዋለች። ባለ 6 ዲግሪ 100 ሚሊ ስቴም ስትገለበጥ መሪው 2 ሴንቲ ያህል ይነሳል። ከመሪው ጋር ርቀት የሚቀንስ ሌላ መንገድ የመሪው ጥምዝ ራሱ ነው፣ አንዳንዱ ወደፊት 70 ሚሊ ብቻ ይሄዳል አንዳንዱ 85 እና ከዛ በላይ፣ ስቴም ሳይቀየር እጅ ይቀርባል። ያገለገለ ሳይክል የምትገዙ ደሞ የሹካው አንገት ከላይ ምን ያህል እንደተቆረጠ እዩ፣ አንዴ ከተቆረጠ ቀለበት መጨመር የለም። የካርቦን አንገት ከሆነ ስንት ሚሊ ቀለበት እንደሚፈቀድ የአምራቹን መመሪያ ሳታዩ አትደርድሩ።

አዲስ ፍሬም የምትመርጡ ከሆነ በሰንጠረዡ ላይ ስታክና ሪች የሚሉ ሁለት ቁጥሮች አሉ፣ ስታክ የፍሬሙ የፊት ቁመት ነው ሪች ወደፊት ያለው ርቀት። ስታክን ለሪች አካፍሉት፣ 1.4 አካባቢ ከመጣ ለውድድር የተሰራ ዝቅ ያለ ነው፣ 1.5 እና ከዛ በላይ ከሆነ ለረጅም ጉዞ የተሰራ ነው፣ እናንተ ሁለተኛውን ነው የምትፈልጉት። ሜዲየም፣ ላርጅ የሚለውን ፅሁፍ አትመኑት፣ በየአምራቹ ይለያያል።

ጎማና ማርሽ

ርካሹ መፍትሄ ጎማ ነው። ፍሬማችሁ የሚፈቅድ ከሆነ ከ23 ወደ 28 ወይ 32 ሚሊ ሂዱና ነፋሱን ቀንሱ፣ ጎማ እንደ ድንጋይ ሲነፋ ፈጣን የሚመስለው ስለሚያንቀጠቅጥ ነው። ማርሽ ላይ ደሞ ኩራት አይሰራም፣ ዳገት ላይ ቁጭ ብሎ ከባድ ማርሽ መግፋት ወገብን እንደሚያደክም ነገር የለም፣ ምክንያቱም እግር በገፋ ቁጥር ዳሌውን ይዞ የሚቆመው ወገብ ነው። ኋላ ያለው ትልቁ ማርሽ ባለ 32 ወይ 34 ጥርስ ይሁን፣ እግራችሁ ቶሎ ቶሎ ይሽከርከር።

ህመማችሁ ሁሌ በአንድ ጎን ብቻ ከሆነ እስካሁን ያልኩት ላይሰራ ይችላል፣ የእግር ርዝመት መበላለጥ ወይ ጫማ ስር ያለው ክሊት (ጫማውን ከፔዳሉ ጋር የሚያያይዘው) አንዱ ገብቶ አንዱ ወጥቶ ሊሆን ይችላል፣ ይሄ በአይን አይታይም፣ ፊዚዮቴራፒስት ይለካላችሁ። ለአጭሩ እግር ክሊቱ ስር ስስ ማስደገፊያ ይገባል።

እየነዱ

ፍፁም የሆነ አቀማመጥ ብታገኙም ሁለት ሰዓት ሳይነቃነቁ መቀመጥ ያማል። በየ10 እና 15 ደቂቃው ከኮርቻው ተነስታችሁ ቆማችሁ ንዱ፣ ዳሌያችሁን ወደ መሪው ግፉት፣ ለ20 ሰከንድ ያህል። የእጅ ቦታ ቀያይሩ። ስትቆሙ እጃችሁን ወገባችሁ ላይ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ወደኋላ ለጠጥ በሉ፣ ይሄ ግን መጉበጥ ለሚያማቸው ብቻ ነው፣ መተላለፊያው ለጠበበባቸው ሰዎች ተቃራኒው ነው። ትሬነር ላይ ጊዜውን ቀንሱት፣ ሳይክሉ ታስሮ ስለማይወዛወዝና መንገዱም ተነሱ ስለማይላችሁ ሰው እንደ ሐውልት ደርቆ ይቀራል።

ስትቀይሩ አንድ ነገር ብቻ፣ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ብቻ፣ ከዛ ሁለት ሦስት ጉዞ። የነበረበትን ቦታ በፕላስተር ምልክት አድርጉ፣ ደብተር ላይ ፃፉ። እኔ በአንድ ምሽት አራት ነገር ቀይሬ በማግስቱ ጉልበቴን ሲያመኝ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ አንድ ወር ፈጅቶብኛል። ባለሙያ ጋ ሄዶ መለካትም ጥሩ ነው፣ ግን ገና ሳትወጡ የትኛው እንቅስቃሴ እንደሚያማችሁ ንገሩት፣ አንዱ ጋ ሄጄ ስለ ወገቤ ምንም ሳይጠይቀኝ ንፋስ ይቆርጥልሃል ብሎ መሪዬን አውርዶት ተመልሻለሁ።

ህመሙን ራሱን ማንበብ ልመዱ። ባታችሁ ወይ የእግራችሁ ጣት ላይ የነበረው ህመም ወደላይ እየተሰበሰበ ወገብ ላይ ብቻ ከቀረ፣ ወገቡ ትንሽ ቢብስም እንኳን ብዙ ጊዜ ጥሩ ምልክት ነው። ከወገብ ተነስቶ ወደታች እየወረደ ከሆነ ግን አቀማመጡ እየጎዳችሁ ነው፣ መልሱት። የእግር መዳፍ መክበድ ወይ መጎተት ከመጣ፣ ወይ ብልትና መቀመጫ አካባቢ ደንዝዞ ከሳይክል ከወረዳችሁም በኋላ ካልለቀቀ፣ በተለይ ሽንት መያዝ ወይ መሽናት አስቸጋሪ ከሆነ፣ ይሄ የኮርቻ ጉዳይ አይደለም፣ በዛው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው፣ ነገ አይባልም።

የኔ ነገር በመጨረሻ እንዲህ ሆነ፣ ኮርቻው መሀሉ በተቀደደ ተቀየረ፣ አፍንጫው 2 ዲግሪ ወረደ፣ ከፍታው 4 ሚሊ ቀነሰ፣ ክራንኩ 165 ሆነ። ከዛ ቪዲዮ ስቀረጽ ወገቤ ጠፍጣፋ ሆኖ እጄ ግን ተጨናንቆ አየሁት፣ መሪው ቅርብና ከፍ ያለ ሆኖብኝ። ስቴሟን መልሼ ገለበጥኳት፣ ቀለበቶቹንም አወጣኋቸው።